ዘሩን የጣለ አቀንጭራ

ቋንቋችን የሰውን ሆድ ዕቃ ከሐኪም ቀድሞ ያውቀዋል። ድፍረቱ የከዳውን ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንለዋለን፤ ያሳዘነንን «አንጀቴን በላው» እንላለን፤ ታጋሹን «ሆደ ሰፊ» ብለን እናመሰግነዋለን። ንዴትና ሐዘን ተደርበው የመጡበት ሰው ደግሞ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ይሁንና ይህን ከሚሉት መካከል «ለመሆኑ ቆሽትህ የት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ጣቱን አንሥቶ የሚያሳይ ጥቂት ነው። ለበዓል ቅርጫ ሲገባ ጉበቱ፣ ጣፊያው፣ ኩላሊቱና ጨጓራው በየመደቡ ይከፋፈላል። የቆሽት ድርሻዬ ቀረብኝ ብሎ የተጣላ ሰው ግን አላየሁም። ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪ ፊት ለፊት ተሸሽጎ ይኖራል። እኔም ስሙን ከምሬት ንግግር በቀር የማውቅበት ምክንያት አልነበረኝም፤ እስከ 2010 ዓ.ም. ሰኔ ድረስ።

አገሬ አዲ አርቃይ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅን ያለፈ መንገደኛ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ይወርድና ዛሪማን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ብርዱ ከላይ ከስሜን ተራራ ላይ ይቀራል፤ እኛ ያለነው ማሽላ በሚበቅልበት፣ ወባ በሚመላለስበት ቆላ ነው። አጎቴ በዚያች ከተማ ሠላሳ ዓመት ያህል ልጆችን ፊደል ያስቆጠሩ መምህር ነበሩ። እኛ የቤተ ሰብ ልጆች «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከወላጆቻቸው የቀረች አንዲት የማሽላ ማሳ ይዘው በመምህር ጥንቃቄ ያርሷት ነበር።

በዚያ ሰኔ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሰውነታቸውን ሌሊት ሙሉ ያሳክካቸው ጀመር። በአገራችን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ያለ ብዙ ክርክር «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል፤ ለወፍ በሽታ ደግሞ መድኃኒት ዐዋቂ አለ። ቅጠል ተቀጠቀጠ፣ ተጠጣ፤ ጠበልም ተሄደ። ሳምንታት አለፉ፤ ቢጫው ግን ጨመረ፣ ሥጋቸውም ሟሸሸ። በኋላ ሊማሊሞን ወጥተን ጎንደር ገባን። ከምርመራው በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ወደ ጎን ጠርቶኝ «የጣፊያ ካንሰር ነው፤ ጉበት ላይም ደርሷል» አለኝ።

ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ደስ አላት። አንባቢ ሆይ፣ አትፍረድባት። በእኛ ቆላ ጣፊያ ማለት በወባ የሚያብጥ፣ በግራ ጎን በእጅ የሚዳሰስ፣ ስንት ልጅ ታሞበት የዳነበት ነገር ነው። «ጣፊያ ከሆነማ ይድናል!» አለች። ሐኪሙ ያለው ጣፊያ ግን የእናቴ ጣፊያ አልነበረም። አንዳንዱ መጽሐፍና አንዳንዱ ባለሙያ ያንኑ ስውር አካል «ጣፊያ» ይለዋል፤ ሌላው «ቆሽት» ይለዋል። ስም ያልጠራለት አካል ሲታመም ሕመሙም ስሙን ይሳሳታል። እኔ ከዚህ ወዲያ ቆሽት እለዋለሁ፤ ዓመተ ምሕረት ካላልሁ በቀርም ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በባህላችን እንዲህ ያለ ወሬ ለታማሚው አይነገርም። እኛም ሐኪሙን «እባክህ እንዳትነግራቸው» ብለን ለመንነው። ጋሼ ግን የተማሪን ፊት በማንበብ የኖሩ ሰው ናቸውና የእኛን ፊት ለማንበብ አልተቸገሩም። ማምሻውን አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡና ሐኪሙን ራሳቸው አስጠሩት። ነገሩን በሙሉ ካስረዱት በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁት፦ «እንግዲያው ሥሩን ነቅላችሁ አትጥሉልኝም? እናቲቱ ከጠፋች ልጆቿ በምን ይኖራሉ?»

ይህ ጥያቄ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የእኔ ጥያቄ ሆነ። ጋሼ ካረፉ በኋላም አልተወኝም። መልሱን ስፈልግ የአንድ አካልን ታሪክ ለመከታተል ተገደድሁ፤ ይህች ጽሑፍም የዚያ ፍለጋ ፍሬ ናት።

ጎንደር ከሩቅ የመጣ ሐኪም ስታይ አዲስ አይደለችም። በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ አድያም ሰገድ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ በሱዳን በኩል ጎንደር ገብቷል። ሕመማቸው የቆዳ ነበር። በ1770 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ በእኛው ቆላ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ በየካቲት ወር ጎንደር ደረሰ። በሞያው ሐኪም ባይሆንም ጥቂት ሕክምና ተምሮ ነበርና በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አስታመመ። ሁለቱም የታመኑት በሚታየው ሕመም ላይ ነው፤ በቆዳና በትኩሳት። የእኛም የመድኃኒት መጻሕፍት ለቁርጥማት፣ ለኮሶ፣ ለእባብ ንክሻ ቅጠሉንና ሥሩን በዝርዝር ያስቀምጣሉ። ሆድን ከፍቶ ዕጢ ማውጣት ግን በዚያ ዘመን ጎንደርም ፓሪስም አልነበረም። የሰው ሆድ ለሁሉም የተዘጋ ቤት ነበር።

ስለ ቆሽት ከጻፉት የመጀመሪያው፣ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ሄሮፊሎስ ነው ይባላል። ከዘመናት በኋላ የኤፌሶኑ ሩፎስ በግሪክኛ «ፓንክሪያስ» አለው፤ «ሁለንተናው ሥጋ» ማለት ነው። አጥንት የለውም፣ ጅማት የለውም፤ ምን እንደሚሠራም የሚያውቅ አልነበረም። በ1642 በፓዱዋ ዮሐን ቪርሱንግ የተባለ ጀርመናዊ የአካሉን ዋና ቧንቧ አገኘ። አገልግሎቱ ግን አልገባውምና ሥዕሉን በመዳብ ላይ ቀርጾ ለዘመኑ ሊቃውንት እየላከ ጠየቀ። መልሱን ሳያገኝ በቀጣዩ ዓመት ተገደለ። ቆሽት ሁለት ሥራ እንዳለው፣ ማለትም ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት እንደሚልክና የደምን ስኳር የሚገዛውን ኢንሱሊን እንደሚያመነጭ በሚገባ የታወቀው ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

ቢላዋ ወደዚህ አካል ለመድረስ የዘገየበት ምክንያት አለው። የቆሽት ራስ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ታቅፎ ይኖራል፤ ከጉበት የሚወርደው የሐሞት ቧንቧ በውስጡ ያልፋል፤ ታላላቅ የደም ሥሮችም ከጀርባው ይሮጣሉ። ስለዚህ ራሱን ብቻ ለይቶ መቁረጥ አይቻልም። ትንሹ አንጀት፣ የሐሞት ቧንቧውና ብዙ ጊዜም የጨጓራ ጫፍ አብረው ይወጣሉ፤ ከዚያ የቀረው ሁሉ እንደገና እርስ በርሱ ይሰፋል። በስፌቱ በኩል የቆሽት ፈሳሽ ከሾለከ ደግሞ ምግብ የሚፈጨው ያው ፈሳሽ የሰውየውን ሥጋ ራሱን ይፈጨዋል።

በ1898 ጣሊያናዊው አለሳንድሮ ኮዲቪላ ሞከረው፤ ሕመምተኛው ከሳምንታት በላይ አልቆየም። በ1909 ጀርመናዊው ቫልተር ካውሽ በሁለት ጊዜ ከፍሎ ሠራው፤ ሕመምተኛው ወራት ኖረ። በ1935 ኒው ዮርክ ላይ አለን ዊፕል ከባልደረቦቹ ጋር ሦስት ሕመምተኞች የዘገበበትን ጽሑፍ አወጣ። እርሱም ሥራውን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ ምክንያቱም ሐሞቱ የታገደበት ሰው ደሙ አይረጋም። ደም እንዲረጋ ቫይታሚን ኬ ያስፈልጋል፤ ቫይታሚን ኬ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ደግሞ ሐሞት ያስፈልጋል። ይህ ቫይታሚን ታውቆ በእጅ ከገባ በኋላ፣ በ1940 ዊፕል ሥራውን በአንድ ጊዜ ጨረሰው። ዛሬም ቀዶ ሕክምናው በስሙ ይጠራል። የመጀመሪያው ጽሑፍ የወጣበት 1935 ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ዓመት መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። ዊፕል የሰው ሆድ ውስጥ መንገድ ሲያወጣ ወራሪው የሊማሊሞን ገደል እየጠረበ ጋሼን ኋላ ወደ ሐኪም ቤት ያወጣንበትን ጎዳና ሊሠራ ተነሥቶ ነበር።

ይህ ሁሉ ገና ወደ ሌላ አካል ላልተሻገረ ዕጢ የተደረገ ነው። ለእርሱም ቢሆን ዋጋው ከባድ ነበር። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ከቀዶ ሕክምናው አልጋ ሳይነሡ የሚሞቱት ብዙ ስለ ነበሩ፣ አሜሪካዊው ጆርጅ ክራይል በ1970 «ከዚህስ ዕጢውን ትቶ ለሐሞቱ ማለፊያ መክፈት ይሻላል» ብሎ ጻፈ። ከሃያ ዓመታት በኋላ ግን በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች 145 ሰዎችን በተከታታይ ቀድደው አንድም ሳይሞትባቸው መቅረቱን በ1993 አሳተሙ። ልዩነቱን ያመጣው ይህን ሥራ አዘውትሮ የሚሠራ እጅና አዘውትሮ የሚጠብቅ ማስታመሚያ ክፍል ነው። ይህ ትምህርት ለድኻ አገርም የሚሆን ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። ዘሩ ጉበት ላይ ከወደቀ በኋላስ እናቲቱን መንቀል ይጠቅማል?

ይህን የጠየቁ ጋሼ ብቻ አልነበሩም፤ የዓለም ሐኪሞችም በየአካሉ እየዞሩ ጠይቀውታል። ለኩላሊት ካንሰር መልሱ መጀመሪያ «አዎ» ነበር። በ2001 በወጣ ጥናት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ የታመመ ኩላሊታቸው የወጣላቸው ሰዎች በአማካይ 11 ወር፣ ያልወጣላቸው 8 ወር ያህል ኖሩ። ነገር ግን የተሻለ መድኃኒት ሲመጣ፣ በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ኩላሊቱን ሳያወጡ መድኃኒቱን ብቻ የወሰዱት ዕድሜያቸው እንዳላጠረ አሳየ። ለጡት ካንሰር በሙምባይ የታታ ሆስፒታል ሐኪሞች በሽታው የተሰራጨባቸውን 350 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ሞከሩ፤ በ2015 ባሳተሙት ውጤት ዕጢው የወጣላቸውና ያልወጣላቸው ዕድሜያቸው አልተለያየም። በ2021 ጃፓናውያን ለትልቁ አንጀት ተመሳሳይ መልስ አገኙ።

ለቆሽትስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2016 ጣሊያናውያን ሐኪሞች ጉበታቸው ላይ የተሰራጨባቸውን 127 ሰዎች ታሪክ ዘገቡ። በኬሞቴራፒ የጉበቱ ዘር ከስሞ ለቀዶ ሕክምና የበቁት 11 ነበሩ፤ እነዚህ 11 ሰዎች በአማካይ 46 ወር ኖረዋል። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳነብ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቆሽቴ አረረ። ጋሼን የገደልናቸው እኛ መሰለኝ። ደግሜ ሳነብ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ከ127 ሰዎች 116ቱ ወደ ቢላዋው አልደረሱም። 11ዱን አስቀድሞ የመረጣቸው በሽታቸው ነው፤ ለመድኃኒት የተንበረከከ፣ ቀስ የሚል በሽታ ያላቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ባይቀደድስ ስንት ዓመት ይኖር ነበር? ያንን የሚነግረን ጥናቱ አይደለም። በ2017 የሃይደልበርግ ሐኪሞች ዕጢውንም የተሰራጨውንም አብረው ያወጡላቸውን 128 ሰዎች ሲቆጥሩ አማካዩ 12 ወር ብቻ ሆነ፤ አምስት ዓመት የደረሱት ከመቶ 8 ያህል ናቸው። ለማነጻጸር፣ በ2011 በፈረንሳይ የተፈተነው የአራት መድኃኒቶች ቅልቅል፣ ያለ ምንም ቢላዋ፣ አቅም ላላቸው ሕመምተኞች 11 ወር አስገኝቷል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ያለው የሐኪሞች መመሪያ፣ በሽታው ከተሰራጨ የቆሽቱን ዕጢ እንደ ደንብ ማውጣትን አይመክርም። ጥቂት ዘር ብቻ ለወደቀባቸውና ለመድኃኒቱ እሺ ላሉት ይሠራ እንደ ሆነ በጀርመንና በቻይና በጥናት ተይዟል።

ብዙ ሰው ስቲቭ ጆብስን ያነሣል፤ «እርሱ ቆሽቱን ተቀድዶ ዓመታት ኖሮ የለም?» ይላል። እውነት ነው፤ በ2004 ተቀደደ፣ በ2011 ሞተ። ነገር ግን የእርሱ ካንሰር ከሆርሞን አመንጪዎቹ ሕዋሳት የሚነሣው፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው ዓይነት ነበር። በዚያኛው ዓይነት ጉበት ላይ ከደረሰ በኋላም እናቲቱን ማውጣት የሚታሰብበት ጊዜ አለ። ሁለቱ ስም እንጂ ጠባይ አይጋሩም። ጣፊያና ጣፊያ እናቴን እንዳሳሳቷት፣ ካንሰርና ካንሰርም ሰውን ያሳስታሉ።

ወደዚያች ምሽት ልመለስ። ወጣቱ ሐኪም ለጋሼ ጥያቄ ጥናት አልቆጠረም። «አባቴ፣ እርሻ አለዎት?» አላቸው። «ማሽላ አለኝ።» «አቀንጭራ ያስቸግርዎታል?» ጋሼ ሣቁ። አቀንጭራን የማያውቅ የቆላ ገበሬ የለም። ሐምራዊ አበባዋ ያምራል፤ ሥሯን ከማሽላው ሥር ላይ ተክላ ትጠባዋለች፤ ዘሯ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፣ በአፈር ውስጥም ዓመታት ይቆያል። ሐኪሙም «ዘሯን ከጣለች በኋላ ቢነቅሏት ማሳው ይድናል?» አላቸው።

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ፣ መምህር ናቸውና፣ ተከራከሩ፦ «አይድንም። እኛ ግን ያን ጊዜም እንነቅላታለን፤ ዳግመኛ እንዳትዘራ።»

ሐኪሙ ይህን ክርክር የጠበቀው አይመስለኝም። ጥቂት አሰበና «ልክ ነዎት፤ ክርክሩም እዚሁ ላይ ነው። ግን እርሷን ለመንቀል ማሽላውን ሁሉ የሚረግጡ ከሆነስ? ከዚህ ቀዶ ሕክምና ለመነሣት ወራት ያስፈልጋል። በእነዚያ ወራት መድኃኒት አንሰጥዎትም፤ ጉበት ላይ ያለው ዘር ግን አይጠብቀንም። የቀረዎት ጊዜ በሙሉ በቁስል ሊያልቅ ይችላል» አላቸው። ቀጥሎ ማድረግ የሚችለውን ነገራቸው፦ የታገደውን ሐሞት ከአንጀት ጋር በሌላ በኩል ማገናኘት ይቻላል፤ ማሳከኩ ይተዋል፣ ቢጫው ይለቃል፣ ምግብም ይስማማል። መድኃኒቱ ደግሞ አዲስ አበባ አለ፤ ምናልባት ጥቂት ወራት ይጨምራል።

እኔ በዚያች ሰዓት ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። በውጭ አገር ያለ አንድ ሐኪም ቤት «ሁሉንም ጠርገን እናወጣለን» ይላል የሚል ደላላ አግኝቼ ነበር። በሬዎቹን ለመሸጥ፣ እድሩንና ዘመዱን ለማስቸገር ተዘጋጅተናል። ለጋሼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝና «ልጄ፣ በሬዎቹን ሸጠን በባዕድ አገር እኔን ከምትቀብር፣ በሬዎቹ ይረሱ» አሉኝ። የሐሞቱን ማለፊያ ብቻ ተቀበሉ። ሐምሌ ላይ ተሠራላቸው። ማሳከኩ በቀናት ውስጥ ተወ፤ ዓይናቸው ነጣ። ሊማሊሞን ስንወርድ መኪና አስቁመው ስሜንን ለረጅም ሰዓት ተመለከቱ።

ሰባት ወር ኖሩ። ታኅሣሥ ላይ በትር ተደግፈው ማሳቸው ዳር ቆመው ማሽላው ሲቆረጥ አዩ። ያገኟትን አቀንጭራ ሁሉ ልጆቹን እያዘዙ አስነቀሏት። በ2011 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ በገዛ ቤታቸው፣ እኛን ሁሉ በስማችን እየጠሩ ዐረፉ።

በዓለም ላይ በ2022 ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ቆሽታቸው በካንሰር ተይዟል፤ በዚያው ዓመት የሞቱትም ከዚያ ብዙ አያንሱም። በአገራችን የጨረር ሕክምና ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ነበር። ጎንደር ግን በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ተከፍቶባታል፣ በ1978ም ከላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብራ ሐኪሞችን ማስተማር ጀምራለች። ያ በአቀንጭራ ያስተማረን ወጣት ከዚያ የተመረቀ ነው። የእኛ ትልቁ ጉድለት ቢላዋው ላይ አይመስለኝም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «ወፍ ነው» ተብሎ ስንት ሳምንት እንደሚቀመጥ ማን ይቆጥራል? የጋሼ ዘር ጉበት ላይ የወደቀው ከእነዚያ ሳምንታት በፊት ይሁን በኋላ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ምናልባት አስቀድሞ ወድቆ ነበር። ነገር ግን ሕመም የሌለው ቢጫነት ለቆሽት ካንሰር አንዳንድ ጊዜ ብቸኛው የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ደወሉን በሰማን ቀን ሊማሊሞን መውጣት ነበረብን። የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እናቴ ዛሬም አልፎ አልፎ «ነቅለው ቢጥሉት ኖሮ?» ትለኛለች። ቀድሞ ዝም እል ነበር። አሁን ይህን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እነግራታለሁ፤ ስለ ቪርሱንግ መዳብ፣ ስለ ዊፕል፣ ስለ ሙምባይ ሴቶች፣ ስለ ዐሥራ አንዱ ጣሊያናውያን። አዳምጣኝ ስታበቃ «እንግዲያው ደኅና አድርገናል» ትላለች። በማግሥቱም መልሳ ትጠይቀኛለች። እኔም መልሼ እነግራታለሁ።